እንመልሳለን እንጂ አናርምም

የመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር እንደሚለው፣ ለምዝገባ በቀረበው የኢንተርኔት አድራሻ ውስጥ የማይፈቀዱ ምልክቶች ስላሉ ስሙ ተመልሷል። የታፔላ ጻፊው ልጅ እንደምትለው ደግሞ፣ አባቷ የጻፈው ስድስት ፊደል ብቻ ነው፤ ነጥብም፣ ሰረዝም፣ የዝንብ እግር የምታህል ጭረትም የለበትም፤ ዓይን ያለው ሰው ይመልከት። ኮምፒውተሩ በላከላት መልእክት ሁሉ የራሱን ይደግማል። እሷም በላከችው መልስ ሁሉ የራሷን ትደግማለች። ሁለቱም ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። በኋላ እንደታየው ደግሞ ሁለቱም አልዋሹም።

በመልእክት መመላለሱ ሲሰለቻት አባቷን ይዛ በአካል መጣች። ቀኑ የመጨረሻው ነበር። ስሙ ተስተካክሎ እንዲቀርብ የተሰጣት ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ያበቃል። ከኋላዋ ያንኑ ስም የጠየቀ ሌላ ሰው ወረፋ ይዟል። ማን እንደሆነ አይነገራትም፤ እሷ ከወጣች እሱ መግባቱን ብቻ ነው የምታውቀው።

አባቷን ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈችለት፣ ምርኩዙን ከጉልበቱ አስደገፈችለት፣ ያልተጣመመውን አንገትጌውን ሳይቀር አቃናችለት።

"አንድ ፊርማ ብቻ ነው አባዬ፤ መጣሁ።"

"ፊ…" አለ አባቷ።

"አዎ፣ ፊርማ። የኔን ነው የሚፈልጉት፣ ያንተን አይደለም። እንዳትነሳ።"

አባቷ ሊል የነበረውን ዋጠውና ራሱን ነቀነቀ። ፊርማ የሚባል ነገር አልነበረም። ስሙ እንደተመለሰ ለአባቷ አልነገረችውም።

ስለ ስሙ ትንሽ ማለት ይገባል። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። በሰፈራቸው ፀጉር ቤቱም፣ መድኃኒት ቤቱም፣ ሬሳ ሣጥን ሻጩም በእሱ እጅ የተጻፈ ስም በግንባራቸው ተሸክመው ቆመዋል። እጁ እንደሱ ያማረ ሰው አልነበረም፤ እንደሱ የዘገየም እንዲሁ። ደንበኛ ታፔላውን ሊወስድ ሲመጣ የሚያገኘው መልስ ምንጊዜም አንድ ነው፦ "አልደረቀም።" በማግስቱ ሲመጣም አልደረቀም። ሱቁ ተከፍቶ፣ ዕቃው ተደርድሮ፣ ገዢ ገብቶ ታፔላው ግን አልደረቀም። "ወንዝ ሲደርቅ የሱ ቀለም አይደርቅም" ይሉት ነበር። እያደር ሰው ሱቁን በባለቤቱ ስም መጥራቱን ተወና "አልደረቀም ቤት" ይለው ጀመር። አባቷም አልተቀየመም። ጥሩ ሰሌዳ መርጦ፣ ጥሩ ቀይ ቀለም በጥብጦ፣ "አልደረቀም" ብሎ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለው። "ሰው ያወጣልህን ስም አንተ አሳምረህ ካልጻፍከው፣ ሌላው አጣሞ ይጽፍልሃል" ነበር ያለው።

ከዚያ አንድ ጠዋት መሰላል ላይ ሊወጣ ሲል ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ምላሱም ከበደ። ሱቁን ልጅቷ ተረከበችው። እሷ ስትይዘው ዘመኑም ተለወጠና፣ ታፔላ የሚያሠራው ሰው በር ከማንኳኳት ይልቅ በስልኩ መፈለግ አመጣ። ስለዚህ የሱቁ ስም በኢንተርኔትም ላይ በገዛ ፊደሉ ይኑር ብላ አመለከተች። እሷ የምትበላው ከዚያ ስም ነው፤ አባቷ የሚታከመውም ከዚያ ስም ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ አባቷ ከታመመ ወዲህ እንደሷ ያለ አስታማሚ አልታየም። ብቸኛ ጥፋቷ መጣደፏ ነበር። እሱ ቃል ሲጀምር እሷ ትጨርስለታለች፤ ማንኪያ ሲያነሳ እጁን ትደግፍለታለች። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ "ውሃ…" አላት። ሮጣ አመጣችለት። ጠጣ። "ውሃ…" አላት ደግሞ። ደግማ ቀዳችለት፤ ለይሉኝታ ብሎ እሱንም ጠጣ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ሌላ ብርጭቆ ስትቀዳ፣ በግራ እጁ ግድግዳው ላይ ወደተንጋደደው ታፔላ አመለከታት። ለካ የፈለገው ውሃ ልኩን ነበር። ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ። እሷ ግን ከሳቁ በኋላም ያው እንደለመደችው ናት።

አድራሻውን የጻፈው እሱ ነው። የንግግር ሐኪሙ፣ ለሚንቀጠቀጥ እጅ የተሠራ ትልልቅ ፊደል ያለው መጻፊያ ስልኩ ላይ ጭኖለት ነበር። ማመልከቻው ስሙን ሲጠይቅ እሷ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበርና፣ አባቷ ብቻውን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ፣ በግራ አውራ ጣቱ ጽፎ፣ ስልኩን በመስኮት ከፍ አድርጎ አሳያት። ከታመመ ወዲህ ማንም ሳያግዘው ከዳር ያደረሰው ነገር ያ ብቻ ነበር። ያን ቀን እራቱን ሲበላ ቀና ብሎ ነበር የተቀመጠው። እሷም የጻፈውን እንዳለ ገልብጣ ማመልከቻው ላይ ለጠፈችው። "ተመለሰ" የሚለው መልስ ሲመጣ ታዲያ፣ ለአባቷ ለመንገር አፏ እምቢ አላት። "እየታየ ነው" አለችው። የሱኑ ጽሑፍ ደግማ ገልብጣ ላከች። ራሷ ብትጽፈው ምን ነበረበት? ይህን ሳትጠይቅ አልቀረችም። እሷ ከጻፈችው ግን የእሷ ይሆናል፤ እሱ ባያውቅም እሷ ታውቀዋለች።

የመዝገብ ቤቱ መርማሪ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ለጋ ጎልማሳ ነው። ቁጣዋን እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ ነው የተናገረው።

"እህቴ፣ ፊደሎቹ ምንም አልሆኑም።"

"ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?"

"መሃላቸው ላይ።"

"መሃላቸው ባዶ ነው።"

"ባዶ ይመስላል።"

በሚቀጥለው መስኮት ሻይ የምትጠጣ ባልደረባው አንገቷን አስግጋ፣ "አትድከሚ እህቴ፤ እኛ ወንፊት ነው የምንለው። አየር እንኳ ሳያበጥር አይስብም" አለች።

"አንቺ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ" አለ ወንፊት ፊቱን ሳያዞር። ማያውን ወደ ልጅቷ መለሰላት።

የአባቷ ስም ተዘርዝሮ ተቀምጧል፤ እያንዳንዱ ፊደል በየራሱ ሳጥን። በሳጥኖቹ መካከል ግን ሌሎች ቀጫጭን ሳጥኖች አሉ፤ ቁጥር ተጽፎባቸዋል እንጂ ፊደል የለባቸውም።

"እነዚህም ምልክቶች ናቸው" አለ ወንፊት። "ስፋት የላቸውም፣ ቀለም የላቸውም፤ ዓይን አያያቸውም። ግን አሉ። ኮምፒውተሩ ያያቸዋል።"

"ከየት መጡ?"

"እሱን ነው እኔም ያላወቅኩት። የጻፉበት ስልክ እጅሽ ላይ አለ?"

የአባቷን ሕመም ነግራው፣ ስልኩን ሰጠችው። ወንፊት በአባቷ መጻፊያ አንድ ቃል በፍጥነት ጻፈና ወደ መመርመሪያው ላከው፤ ቀጭን ሳጥን አልነበረም። ደግሞ ጻፈ፤ አሁን ግን ከፊደል ፊደል ጣቱን እያነሳ፣ እየቆየ። ቀጫጭኖቹ ሳጥኖች ተሰልፈው መጡ። ወንፊት መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደው።

"ገባኝ። ሰውየው ደክሟቸው ጣታቸውን ሲያነሱ፣ መጻፊያው የማይታይ ምልክት ያስቀምጣል። ሲሳሳቱ ሁሉንም እንዳያጠፉ ነው፤ ካረፉበት ወዲህ ያለውን ብቻ እንዲደመስሱ። የሠራው ሰው አስቦበታል። ለመልእክት መጻፊያ የሚያህለው የለም። ለአድራሻ ግን አይሆንም።"

ልጅቷ ማያውን አየች። ከ"አ" በኋላ አርፏል። ከ"ል" በኋላ አርፏል። በ"ደ" እና በ"ረ" መካከል ቀጫጭኖቹ ሳጥኖች ተደራርበዋል።

"እዚህ ጋ ብዙ ቆየ ማለት ነው?"

"ሞክረው፣ ትተው፣ እንደገና የሞከሩ ይመስለኛል።"

እሷ በዚያ ሰዓት አንሶላ እያራገፈች፣ ለራሷ እያንጎራጎረች ነበር። በመስኮቱ ስታየው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይስቃል። መካከሉን አላየችም ነበር። ዓይኗን በመዳፏ ጠራረገችና ወንፊትን ቀና ብላ አየችው።

"በል ወንድሜ፣ ደምስሳቸው። አንተ ታያቸዋለህ፤ አንዴ መንካት ነው።"

"አልችልም።"

"አልችልም ነው ወይስ አልፈልግም?"

"ብፈልግም አልችልም። የዚህ ቤት ደንብ፣ እንመልሳለን እንጂ አናርምም ነው።"

"ለማይታይ ነገር?"

"ለማይታይ ነገር ነው የሚብሰው። እንዳለ ባሳልፈው፣ ነገ አንዱ ሌባ ካንቺ ስም በዓይን የማይለይ ስም አውጥቶ ደንበኛሽን ይዞብሽ ይሄዳል። ጠርጌ ብሰጥሽ ደግሞ፣ ያልጠየቅሽውን ሰጠሁሽ ማለት ነው። ዛሬ የማይታየውን ያጠፋ እጅ ነገ 'ይህቺ ፊደል ብትቀየር ይሻላል' ይላል። ስለዚህ ለባለቤቱ እንመልሳለን፤ ባለቤቱ እንዲሆን የሚፈልገውን ራሱ ይጽፋል። በትክክል አንዴ ከገባ ግን የሚመሳሰለውን ሁሉ፣ በዓይኑ 'ዐ' የተጻፈውን እንኳ ሳይቀር፣ ለሌላ እንዳይሰጥ እንቆልፍላችኋለን።"

ነገሩ ልክ መሆኑ የበለጠ አናደዳት። "ልጽፈው እችላለሁ?"

"ባለቤቱ አባትሽ ናቸው። እሳቸው ከፈቀዱ ትችያለሽ፤ ግድግዳው ጋ ያለው ኮምፒውተር ለዚሁ ነው።" ቀጠለና፣ "እንደተመለሰ ያውቃሉ?" አለ።

"ያውቃል" አለች፣ ቶሎ።

ወንፊት አያት። በእጁ ወደ ግድግዳው አመለከታት።

ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠችና መጻፍ ጀመረች። "አ"፣ "ል"፣ "ደ"። ቆመች። እነዚያን ፊደሎች ለመጻፍ አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀባትም። ጣቶቿ የቆሙት አባቷ ብዙ ከቆየባት ቦታ ላይ ነው፤ እሷ ግን ምንም አልደከማት። የሰው ቤት በሌላ ቁልፍ ከፍታ የገባች መሰላት። የጻፈችውን አየችው፣ ደመሰሰችው፣ ደግሞ ልትጀምረው እጇን ዘረጋች።

ከኋላዋ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ።

"ተመ…" አለ አባቷ፣ ማያው ላይ የስሙን ባዶ ሳጥን እያየ።

"አባዬ፣ አትነሳ አላልኩህም? ብትወድቅስ?"

"ተመ…ለሰ?"

"ኧረ አልተመለሰም፤ ትንሽ ማስተካከያ ነገር ናት፣ አሁን—"

አባቷ የግራ እጁን ሌባ ጣት አነሳ። ይህን ምልክት ከሕፃንነቷ ታውቀዋለች። ቡሩሹ መስመር ላይ ሲሆን፣ አንድም ሰው እንዳይተነፍስ ሲፈልግ የሚያነሳት ጣት ናት። ዝም አለች። የሻይዋ ባለቤት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አባቷ ቃሉን ፍለጋ ሄደ፤ ሁሉም እስኪመለስ ጠበቁት።

"ለምን… አልነገርሽኝም?"

"እንዳታዝን ብዬ ነው።"

"ያዘንኩት…" አለ። የቀረው ቃል አፏ ውስጥ ተደርድሮ መጣ፤ ከንፈሯን ነክሳ አስቀረችው። "…አሁን ነው።"

ወንፊት ወንበር ይዞ ከመስኮቱ ጀርባ ወጣ።

"አባት፣ ይቀመጡ። ጥፋቱ የእርስዎም አይደለም፣ የልጅዎም አይደለም። መጥተው ይዩት።"

ሰው ሁሉ አባቷን ሲያነጋግረው ይጮህበታል፤ ምላሱ ስለከበደ ጆሮውም የደነቆረ ይመስል። ወይም ለእሷ ይናገርና እሱን ያልፈዋል። ወንፊት ግን በልኩ ድምፅ፣ ለእሱው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳው። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አሳየው። አባቷ ጎንበስ ብሎ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ታፔላ እንደሚገመግም ሆኖ፣ ለረጅም ጊዜ አየ።

"የደከመኝ… ሁሉ… ተጽፏል" አለ በመጨረሻ።

"ተጽፏል አባት። እምቢ ያልነውም እሱን ነው እንጂ ስምዎን አይደለም።"

አባቷ ሳቀ። ሳቁ የሚወጣው በአንደኛው የከንፈሩ ጫፍ ነው፤ ትከሻው ግን ሁለቱም ይነቃነቃል።

"መለሳችሁት?"

"መለስነው።"

"አላ…ረማችሁትም?"

"አናርምም።"

አባቷ ወደ ልጁ ዞረ። "እኔስ… ምን ነበር… የማደርገው?"

ምን ለማለት እንደፈለገ ገባት። ደንበኛ ታፔላው ላይ የሚጻፈውን በብጣሽ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ስህተት ሲያገኝ አባቷ አያርምም ነበር፤ "ሂድና ራስህ ጽፈህ አምጣው" ብሎ ይመልሳል። ሰውየው "አንተው አታስተካክለውም?" እያለ ይነጫነጫል። አባቷ ደግሞ፣ "ስሙ ያንተ ነው፤ ከስሩ የምትቆመው አንተ ነህ" ይለዋል። በዚህ የተነሳ የሄደ ደንበኛ ነበረ። ተናዶ ሄዶ፣ አስቦበት የተመለሰ ግን ይበልጣል።

"ትመልስ ነበር" አለች።

"እመልስ… ነበር።" ምርኩዙን ሰጣትና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

የሰው ሁሉ ኪቦርድ ነበር፤ ትልልቅ ፊደል የለውም፣ ያረፉበትን አያስታውስም። አንዱን ፊደል ለማግኘት አንዳንዴ ሁለት ቁልፍ መንካት ይጠይቃል። አባቷ ግራ ጣቱን እንደ ቡሩሽ ቀስሮ "አ"ን ፈለጋት፣ አገኛት። "ል"ን ሲነካ ጣቱ ተንቀጥቅጦ ጎረቤቷንም ነካ። ደመሰሰ። ሲደመስስ "አ"ም አብራ ሄደች። ከመጀመሪያው ጀመረ።

የወንፊት ባልደረባ የመስኮቷን መጋረጃ አወረደች። ኮሪደሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች እየቀነሱ ሄዱ። አንድ ዘበኛ ብቅ ብሎ አይቶ ተመለሰ። አባቷ "አል" ላይ ደርሶ ነበር። ከኮቱ ሥር ትከሻው ሲወጣና ሲወርድ ይታያል።

ወንፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አባት፣ አንድ ነገር ልንገርዎት" አለ። "ሊዘጋ ነው። ሲዘጋ ኮምፒውተሩ ራሱ ስሙን ለሚቀጥለው ሰው ያሳልፈዋል፤ እኔ ላቆመው አልችልም። ልጅዎ እንድትጽፈው ከፈቀዱላት ግን ደንቡ ይፈቅዳል፤ አሁኑኑ ያልቃል።"

አባቷ ጣቱን ከኪቦርዱ አነሳ። ማያው ላይ ያሉትን ሁለት ፊደሎች አየ። ከዚያ ልጁን አየ። እሷም አየችው። ሊናገር እንደሆነ አውቃ፣ ጠበቀችው።

"ብጽፈው… ደስ… ይለኛል" አለ። አረፈ። "ሱቁ ግን… አሁን… ያንቺ ነው። የምትኖሪበት… አንቺ ነሽ።" አሁንም አረፈ። "አንቺ… ወስኚ።"

የእሷ ጣቶች ፈጣን ናቸው። ከማያው አጠገብ ቆመዋል፤ ወንፊት መነጽሩን ሳያስተካክል፣ ዘበኛው በሩን ሳይቆልፍ መጨረስ ይችላሉ። ካመለጠ ደግሞ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ስማቸውን በስልኩ የሚፈልግ ደንበኛ ነገ የማያውቁት ሰው በር ላይ ይቆማል። በራቸው ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ የሌላ ሰው አድራሻ ይሆናል። አዲስ ስም አውጥቶ፣ ለሰው አስለምዶ፣ እንደገና ከዜሮ መጀመር ሊመጣ ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበችው፤ አንዱንም አላቃለለችውም። ከዚያ አባቷ ያለችውን እቀበላለሁ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ተቀምጦ ሲጠብቃት አየች። ማንም ሰው እንዲህ ጠብቋት የሚያውቅ አልመሰላትም።

ሁለት እጆቿን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችና ወደ ወንፊት ዞረች።

"ወንድሜ፣ የሚጽፈው አባቴ ነው" አለች። "ከደረሰ ደረሰ፤ ካልደረሰም ሌላ ስም እናወጣለን። እኔ አልነካውም።"